ከአጥር እስከ መንገድ፦ በአዳዲስ መንደሮች ደጃፍ ያለው ዛፍ ባለቤት ማን ነው?

የችግኝ ተከላ ወቅት በደረሰ ቁጥር በከተሞቻችን ዳርቻ ከሚታዩ ሥራዎች አንዱ በአዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች መንገድ ዳር ዛፍ መትከል ነው። የቤት ሥራ ማኅበራት አባላት፣ የቀበሌ አመራሮች፣ መምህራንና ተማሪዎች ሐምሌ ላይ አካፋና ዶማ ይዘው ይወጣሉ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ቁጥሩም ለበላይ አካል ሪፖርት ይደረጋል። ግንቦት ላይ ወደዚያው መንደር የተመለሰ ሰው ግን በብዙ ቦታ የሚያገኘው የደረቀ እንጨትና ቆሻሻ የተጠራቀመበት ጉድጓድ ነው። በቀጣዩ ሐምሌም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ችግኝ ይገባል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የውሃ እጥረት፣ ልቅ ግጦሽና የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። ይሁንና ከሦስቱም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ከቤቱ አጥር እስከ መንገዱ ጠርዝ ባለችው አንድና ሁለት ሜትር መሬት ላይ የቆመው ዛፍ የማን ነው? ቦታው የከተማው ነው። ችግኙ ከመንግሥት ወይም ከማኅበሩ የመጣ ነው። የተከለው ለአንድ ቀን የወጣ ሰው ነው። ጥላው የሚያርፈው ደግሞ በነዋሪው ደጅ ላይ ነው። አራቱም ድርሻ አላቸው፤ ተጠያቂ ግን አንዳቸውም አይደሉም። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም” ይባላል፤ የመንገድ ዳር ችግኝ የሚነቀነቀው የሚናቅም የሚፈራም ባለቤት ስለሌለው ነው።

ባለቤት ያለው ዛፍ እንዴት ይበቅላል?

ክልላችን ዛፍ ማብቀል የሚያውቅ ሕዝብ ያለበት ክልል ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ላይ ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ እየዘሩ፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ምርት ያደርሱታል። የአካባቢው ገጽታ የተለወጠው በዚህ መንገድ ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠሮች ባሕር ዛፍ የአርሶ አደሩ የቁጠባ ደብተር ነው። ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ሕመም ሲመጣ ይቆረጣል። በከተማ ዳር የሚሠራው አዲስ ቤት ራሱ ግድግዳው የሚቆመውና ጣሪያው የሚወጣው ከገጠር በመጣ የባሕር ዛፍ ጣውላና አጣና ተደግፎ ነው።

በደቡብ ጎንደር ሜዳ ላይ ደግሞ ዙሪያቸው ታርሶ ሳለ ጥቅጥቅ ብለው የቀሩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ዝግባው፣ ጽዱና ወይራው የቆየው ማን እንደሚጠብቀው፣ ማን እንደሚጠይቅበትና ማን እንዲቆረጥ እንደሚፈቅድ ስለሚታወቅ ነው።

በአንዱ ቦታ ባለቤቱ ግለሰብ ነው፣ በሌላው ቦታ ማኅበረ ምእመናን። አንዱ ዛፍ የሚቆረጥ ነው፣ ሌላው የማይነካ። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፦ ዛፉ የማን እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው የለም። በአዲሱ መንደር ደጃፍ የጎደለው ይኸው ነው።

የቆመው ዛፍ የሚጠፋበት ጊዜ

ጉዳዩ የሚጀምረው ችግኝ ሲተከል አይደለም። የሚጀምረው የእርሻ መሬት ወደ ከተማ ክልል ሲገባ ነው። በከተሞቻችን ዙሪያ ያለ ማሳ ባዶ ሜዳ አይደለም። በየማሳው መካከል አርሶ አደሩ አውቆ የተወው ዋንዛ፣ በድንበሩ ላይ ብሳና፣ በውሃ ዳር ሾላ ወይም ዋርካ አለ። እነዚህ ዛፎች ለከብት ጥላ፣ ለንብ አበባ፣ ቅጠላቸው ሲረግፍ ለመሬቱ ፍግ ሆነው አሥርት ዓመታትን አሳልፈዋል።

ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ካሳ እንዲከፈል ያዛል። ዛፍም እንደ ንብረት ተቆጥሮ ይገመታል። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ ዛፉን ያውቀዋል። ክፍተቱ የሚፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ካሳ ከተከፈለ በኋላ ዛፉ ከአርሶ አደሩ እጅ ወጥቷል፤ ወደ ከተማው መዝገብ ግን አልገባም። መሬቱ ሲሸነሸን ቀያሽ የሚያሰፍረው የቦታ ወሰንና መንገድ ነው። የዋንዛው ግንድ በፕላኑ ላይ ምልክት የለውም። አንዱ ለማገዶ፣ ሌላው ለጣውላ ይቆርጠዋል፤ ወይም ለመሠረት ቁፋሮ የመጣው ማሽን ይገፋዋል።

ከዚያ በኋላ በዚያው ቦታ ላይ የአንድ ስንዝር ችግኝ ይተከላል። አርባ ዓመት የፈጀ ጥላ ጠፍቶ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚደርስ ጥላ ይጀመራል ማለት ነው። በአዲስ መንደር ርካሹ የመንገድ ዳር ዛፍ ቀድሞም የቆመው ነው። ጉድጓድ አይፈልግም፣ ውሃ አይፈልግም፣ አጥር አይፈልግም። የሚፈልገው ሽንሸና ከመጀመሩ በፊት ተቆጥሮ በፕላኑ ላይ መስፈርና መንገዱ ወይም የጋራ ቦታው እሱን ታሳቢ አድርጎ መውጣቱን ነው። ሁሉንም ማትረፍ አይቻልም። በቤት ቦታ መካከል ያለ ዛፍ ሊቆረጥ ይችላል። ቢያንስ በመንገድ ጠርዝና በክፍት ቦታ ላይ ያሉት ግን ሊተርፉ ይችላሉ።

ቀድሞ የተተከለ፣ ኋላ የተቆፈረ

ሁለተኛው ክፍተት የሥራ ቅደም ተከተል ነው። በአዲስ መንደር መጀመሪያ የሚመጣው ነዋሪው ነው። መንገድ የሚጠረገው በኋላ ነው። የውሃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የስልክና የኢንተርኔት መስመር፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይና የኮብልስቶን ንጣፍ በየራሳቸው በጀትና በየራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ። ሁሉም የሚያልፉት ከአጥሩ እስከ መንገዱ ባለችው በዚያችው ጠባብ መሬት ላይ ነው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በኅዳር ለቧንቧ ይነቀላል። ከዚህ ያመለጠው ሦስት ዓመት አድጎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካ አናቱ ይቆረጣል።

ነዋሪው ይህን አንድ ጊዜ ካየ ሁለተኛ ለማጠጣት ልቡ አይነሳም። “ግንዛቤ የለውም” የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ የደከመበት ችግኝ በቁፋሮ ሲነቀል ያየ ሰው ነው።

በከተማ ፕላን ዝግጅት የሚታወቅ አንድ መርህ አለ። ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ሥፍራ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይላል። መርሁ ጥሩ ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ ሁሉ ዛፍ አይሆንም። በመንገድ ውስጥ ለዛፍ የተለየች መስመር ካልተሰመረች፣ ቧንቧው በየት በኩል፣ ምሰሶው በየት በኩል፣ ዛፉ በየት በኩል እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ የመጨረሻው መጤ ሁልጊዜ የፊተኛውን ይነቅላል።

ባሕር ዳር የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ አላት። በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች በወጣላት ፕላን ሰፋፊ ጎዳናዎችን ያገኘችው ከተማ ዛሬ በዘንባባና በጥላ ዛፎቿ የምትታወቀው ጎዳናው ለዛፍ የሚበቃ ስፋት ስለነበረው ነው። እነዚያ ዛፎች ቦታ ነበራቸው፣ የሚያጠጣና የሚገርዝ የከተማ ሠራተኛም ነበራቸው። የመሐል ከተማው ልምድ ወደ ዳርቻው መንደሮች አለመድረሱ ነው የሚያስቆጨው። አሁን በየከተማው በሚካሄደው የኮሪደር ልማትም በዋና ዋና መንገዶች የሚተከሉ ዛፎች ውሃና ጠባቂ ያገኛሉ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ያለው ችግኝ ግን ለዕድሉ የተተወ ነው።

በሌላ አገርም ጉዳዩ በቅርቡ ሕግ አውጪዎችን አነጋግሯል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው አገራዊ የፕላን ፖሊሲ በአዲስ መንደር የሚከፈቱ መንገዶች በዛፍ የተሰለፉ እንዲሆኑ፣ ከዚያም አልፎ የተተከለው ዛፍ በዘላቂነት የሚጠበቅበት መንገድ አስቀድሞ እንዲረጋገጥ አድርጋለች። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ነው። እኛ መትከል አልቸገረንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ የተነገረባት አገር የሰው ኃይል አያንሳትም። የሚያንሰው ከሐምሌ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

ሠላሳ አራት ጀሪካን

ከሐምሌ በኋላ ያለው ሥራ ምን ያህል ነው? በሰሜን ምዕራብ የክልላችን አካባቢ ዝናቡ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ያህል አፈሩ እየደረቀ ይሄዳል። ስምንት ወር ወደ 34 ሳምንት ይጠጋል። አንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቢያገኝ በዓመት 34 ጀሪካን ወይም 680 ሊትር ይሆናል። ይህ አንድ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። አንድ መቶ ቤት ባለበት መንደር ለየደጃፉ አንድ ዛፍ ቢታሰብ ጠቅላላው 68 ሜትር ኩብ ነው።

ቁጥሩ የሚያሳየው ሥራው ከአቅም በላይ አለመሆኑን ነው። ለአንድ የከተማ አስተዳደር መቶ ደጃፍ ማጠጣት ቦቴ፣ ሹፌርና ነዳጅ ይጠይቃል። ለአንድ ቤተሰብ ግን በሳምንት አንድ ጀሪካን ነው። አትክልት የታጠበበት ውሃም ይሆናል። በረኪና ወይም ብዙ ሳሙና ያለበት ውሃ ግን ሥሩን ስለሚጎዳ መደፋት የለበትም። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚመጣበት መንደር ይህም ከባድ መሆኑ መካድ የለበትም። በእንዲህ ያለ ቦታ የችግኙን ቁጥር ቀንሶ የተተከለውን ማጽደቅ ይሻላል።

ውሃው ሥሩ ዘንድ እንዲደርስ ደግሞ ጉድጓዱ ጉድጓድ መሆን አለበት። በአዲስ መንደር መንገድ ዳር ያለው አፈር በማሽን የተረገጠ፣ ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ድንጋይና የሲሚንቶ ፍርፋሪ የተቀላቀለበት ነው። ለማሳ የሚበቃው ጉድጓድ እዚህ አይበቃም። ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር በጎንም በጥልቀትም ተቆፍሮ፣ ፍርስራሹ ወጥቶ፣ በለም አፈርና በብስባሽ መሞላት ይኖርበታል። የችግኙ ፕላስቲክ ሳይቀደድ መትከል አሁንም የሚታይ ጥፋት ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍም በግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አፈር ክፍት ሆኖ ካልቀረ የዝናቡ ውሃ ወደ ቦይ እንጂ ወደ ሥር አይሄድም።

የትኛው ዛፍ የት?

አርሶ አደሩ የዛፍን ጠባይ ያውቃል፤ በከተማ ደጃፍ ግን የሚተከለው ችግኝ ጣቢያው በዚያ ዓመት የተረፈው ነው። ዋርካና ሾላ ለሽምግልናና ለእድር መሰብሰቢያ የሚሆኑ፣ ሰፊ ክፍት ቦታ የሚፈልጉ ዛፎች ናቸው። በቤት ደጃፍ ከተተከሉ ሥራቸው ንጣፍና ቦይ ይሰነጥቃል። ባሕር ዛፍም ቁመቱና የውሃ ፍላጎቱ ለደጃፍ አይመችም። በተለይ በዋልካ አፈር ላይ ውሃ አብዝቶ የሚስብ ዛፍ ከቤት መሠረት አጠገብ መትከል አፈሩ በበጋ ይበልጥ እንዲሰነጠቅና ግድግዳው እንዲጎዳ ያደርጋል።

ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፤ ቅርንጫፉ ግን በንፋስ ይሰበራል። ዋንዛ ሰፊ ጥላ ስለሚሰጥ ሰፋ ያለ መንገድ ይፈልጋል። ጃካራንዳ ከተሞቻችን የለመዱት የአበባ ዛፍ ነው። ወይራ በዝግታ ቢያድግም ጠንካራና ለመግረዝ የሚመች ነው። ጠላቱ ለጥርስ መፋቂያና ለጭስ ቅርንጫፉን የሚቀጥፈው መንገደኛ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ጎን ቁመቱ የማይረዝም ዝርያ፣ መስመር በሌለበት ጎን ትልቁን ዛፍ መትከል ደግሞ ኋላ ከመቁረጥ ያድናል።

አርሶ አደሩ ምን ያገኛል?

ይህ የከተማ ጉዳይ መስሎ የሚታየው አርሶ አደር ሊኖር ይችላል። በሁለት በኩል የእሱም ጉዳይ ነው።

አንደኛው ጎርፍ ነው። ትናንት ዝናብ ይጠጣ የነበረ ማሳ ዛሬ ቆርቆሮ ጣሪያና የተረገጠ መንገድ ሲሆን ውሃው ወደ ታች ይሮጣል። ከአዲሱ መንደር በታች ያለው ማሳ በአጭር ጊዜ ቦረቦር ሊሆን ይችላል። ዛፍ ብቻውን ይህን አያቆምም፤ ትክክለኛ ማፋሰሻ ያስፈልጋል። ሆኖም በየደጃፉ ክፍት አፈርና ሥር ያለው መንደር ከባዶው መንደር የተሻለ ውሃ ያሰርጋል።

ሁለተኛው ገበያ ነው። ለደጃፍ የሚሆን ችግኝ ጫፉ ከፍየል አፍ በላይ የሆነ፣ ግንዱ የጠነከረ፣ በትልቅ ፕላስቲክ ወይም በከረጢት ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየ መሆን አለበት። የመንግሥት ችግኝ ጣቢያዎች የሚሠሩት በብዛት ለሚከፋፈል ትንሽ ችግኝ ነው። በከተማ ዳር የሚኖር፣ ጉድጓድ ወይም መስኖ ያለው አርሶ አደር ግን ይህን ትልቅ ችግኝ ማሳደግ ይችላል። መሬቱ በከፊል የተወሰደበት ገበሬ በቀረችው ትንሽ ቦታ ሊሠራው የሚችል ሥራም ነው። ዋንዛን ከዘሩ፣ ወይራን ከጫካው ጠባዩ የሚያውቀው እሱ ነው።

እንቅፋቱ ገዢው አለመታወቁ ነው። ሦስት ዓመት ያሳደገውን ችግኝ ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ ማንም አይጀምርም። የከተማ አስተዳደርና የቤት ሥራ ማኅበራት ከሦስት ዓመት በፊት የግዢ ውል ቢይዙ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ዘርና ምክር ቢያቀርብ፣ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ ተቀባዩ ያልታወቀ ችግኝ ባለቤቱ ያልታወቀ ዛፍ ይሆናል።

ምን ቢደረግ?

መፍትሔው አዲስ ዘመቻ አይደለም። በነባሩ አሠራር ውስጥ አራት ነገሮችን በቦታቸው ማስገባት ነው።

አንደኛ፣ የካሳ ገማቾች የቆጠሩት ዛፍ ዝርዝር ለከተማው ፕላን ባለሙያ ይተላለፍ። ቀያሹ ሽንሸና ከመጀመሩ በፊት ሊተርፉ የሚችሉትን በፕላኑ ላይ ያስፍር። ዝርዝሩ ቀድሞም አለ፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አለመሄዱ ነው ችግሩ።

ሁለተኛ፣ በመንደሩ ፕላን ላይ የዛፍ መስመር ከቧንቧና ከምሰሶ መስመር ተለይቶ ይመልከት። መሠረተ ልማት ባልገባበት መንገድ ዛፍ መትከል ይቆይ። እስከዚያ በግቢ ውስጥና በጋራ ቦታ መትከል ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የደጃፉ ዛፍ ባለቤትነት በጽሑፍ ይታወቅ። አንዱ አማራጭ ግንዱ የከተማው፣ አያያዙና ከግርዛት የሚገኘው እንጨትና ፍሬ የነዋሪው እንዲሆን ነው። ነዋሪው ያለ ፈቃድ አይቆርጥም፤ ከተማውም ሆነ ቁፋሮ ያካሄደ ማንኛውም ተቋም የጸደቀ ዛፍ ከነቀለ በተመሳሳይ መጠን ይተካል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መብት የተሰጠው ሰው አጥሩን ወደ መንገዱ እንዳይገፋ፣ መብቱ የዛፉ እንጂ የመሬቱ አለመሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። አቅም ለሌላቸው አረጋውያንና በቤታቸው ገና ላልገቡ አባላት ደግሞ ማኅበሩ ወይም እድሩ ተራ ያውጣ።

አራተኛ፣ ሪፖርቱ ይቀየር። የሐምሌው ቁጥር የተተከለውን ይናገራል፤ የጸደቀውን የሚናገረው የግንቦቱ ቆጠራ ነው። ከክረምቱ በፊት በየመንደሩ ተዞሮ ስንቱ እንደቆመ ቢቆጠርና የአመራሩ አፈጻጸም በዚያ ቢመዘን፣ በሐምሌ የሚተከለው ሊቀንስ፣ የሚጸድቀው ግን ሊጨምር ይችላል።

እነዚህ አራቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ዝርዝር ማስተላለፍ፣ መስመር ማስመር፣ አንድ ገጽ ስምምነት መፈራረምና በግንቦት መቁጠር ናቸው። የሚጠይቁት አንድ ሰው ኃላፊነቱ የእኔ ነው እንዲል ነው። ዘንድሮ በሐምሌ አካፋ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ አምና ከተከለው ስንቱ እንደቆመ ይቁጠር፤ ከዚያም ለአዲሱ ጉድጓድ ሁሉ ኃላፊነቱን የሚወስደውን ሰው ስም ይመዝግብ። ስም ያልተገኘለት ጉድጓድ ባይቆፈር ይሻላል።